አረንጓዴው ጠርሙስና አሪቲያችን

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንዴት ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከኮምቦልቻ ነው። የአጎቴ ልጅ ከስዊዘርላንድ አብሲንት የሚባል አረንጓዴ መጠጥ አምጥቶልኛል። ጓደኞቼ «ያሳብዳል፣ የሌለ ነገር ያሳያል» ይላሉ። አንዱ ደግሞ በእሳት ተለኩሶ ነው የሚጠጣው አለኝ። ከአሪቲ ነው የሚሠራው ሲባልም ሰማሁ። ታዲያ አሪቲ አረቄ ውስጥ ዘፍዝፌ ራሴ ብሠራውስ?

መልስ፦ ልጄ፣ ካስደነገጠኝ ልጀምር። አትዘፍዝፈው።

አሪቲን አውቀዋለሁ። እናቴ ከደሴ ሰኞ ገበያ በእቅፏ ይዛው ስትገባ ቤቱን ያውደው ነበር። ቅጠሉን አሸት አድርገህ ጣትህን ቅመሰው፤ ብትታጠብም ምሬቱ ቶሎ አይለቅህም። የአብሲንቱ ተክልም ከአሪቲና ከጭቁኝ ወገን ነው። ሠሪዎቹ ግን አኒስ ከሚባል ቅመምና ከእንስላል ዘር ጋር በጠንካራ አልኮል ዘፍዝፈው፣ እንደ አረቄ በእንፋሎት ያወጡታል። ያ ክፉ ምሬት ከአተላው ጋር ይቀራል። የሚወርደው ጥርት ያለ ነው፤ አረንጓዴ የሚሆነው በኋላ ሌሎች ቅጠሎች ሲነከሩበት ነው። ያንተ ዝፍዝፍ ግን ምሬቱንም፣ ቱጆን የሚባለውን ንጥረ ነገርም ያለ ልክ ይይዛል። ቱጆን ሲበዛ ያንዘፈዝፋል። አውሮፓ ውስጥ በኪሎ ከ35 ሚሊግራም እንዳይበልጥ በሕግ ተወስኗል። አንተጋ ማን ይለካልሃል?

መጠጡ የመጣው ከስዊዘርላንዱ ቫል ደ ትራቨር ሸለቆ ነው። ፔርኖ የሚባል መጠጥ ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1805 ፖንታርሊዬ በምትባል የፈረንሳይ ከተማ ፋብሪካ ከፈተና ፈረንሳይን አዳረሰው። አልጄሪያ የዘመቱ ወታደሮችም ለንዳድ ይበጃል ተብሎ ይታደላቸው ነበር። ኋላ ተባይ የፈረንሳይን የወይን ተክል ጨርሶ ወይን ጠጅ ሲጠፋ፣ ሰው ወደ አረንጓዴው ዞረ።

ክፉ ስሙ የገነነው በ1905 ነው። ስዊዘርላንድ ውስጥ ዣን ላንፍሬ የሚባል ሠራተኛ ነፍሰ ጡር ሚስቱንና ሁለት ሴት ልጆቹን ገደለ። «አብሲንት ጠጥቶ ነው» ተባለ። የጠጣው ሁለት ብርጭቆ ነበር። በዚያው ቀን የተጋተው ወይን ጠጅና ኮኛክ ግን የትየለሌ ነው። ያ ቤተሰብ ያሳዝነኛል፤ ጥፋቱ በአንድ ቅጠል መላከኩ ደግሞ ያናድደኛል። ስዊዘርላንድ በ1910፣ ፈረንሳይ በ1915 ከለከሉት። ስዊዘርላንድ መልሳ የፈቀደችው በ2005 ነው። ከእገዳው በፊት የታሸጉ ጠርሙሶች ሲመረመሩም፣ ቱጆናቸው ሰው የሚያቃዥ ሆኖ አልተገኘም። የሚጎዳህ አልኮሉ ነው፤ ከ45 እስከ 74 በመቶ ይደርሳል።

እሳቱን ተወው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የመጣ ፈሊጥ ነው፤ እንዲህ ያለ አልኮል እየነደደ ቢደፋ ደግሞ ቤት ያቃጥላል። እኔ ደሴ ፒያሳ ባንኮኒ ጀርባ ብዙ ዘመን ቆሜያለሁ። ኡዞ ላይ ውሃ ሲጨመር ወተት ሲመስል አይተሃል? ይሄም እንደዚያው ነው። የአኒሱ ዘይት አልኮል ውስጥ ይሟሟል፣ ውሃ ሲበዛበት ይለይና ያነጣዋል። ትንሽ ቅዳ። ብርጭቆው አፍ ላይ ቀዳዳ ያለው ማንኪያ አጋድም፣ ስኳር አስቀምጥበት። ከዚያ በጣም ቀዝቃዛ ውሃ ስኳሩ ላይ ጠብ ጠብ አድርግ፤ ለአንድ እጅ መጠጥ ከ3 እስከ 5 እጅ ውሃ። አትቸኩል። ነጩ ደመና ከታች ቀስ እያለ ሲወጣ ታየዋለህ።