«የሣር አስተዳደር» ወይስ «የሣር አያያዝ»?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። ኮሌጅ ገብቼ ሆርቲካልቸር መማር ከጀመርኩ ገና አንደኛ ዓመቴ ነው። የምንማረው በእንግሊዝኛ ነው፤ እኔ ግን ለሰፈራችን ወጣቶች በአማርኛ አጭር ማስተማሪያ እያዘጋጀሁ ነው። «ሆርቲካልቸር»ን «አትክልት»፣ «ተርፍግራስ ማኔጅመንት»ን «የሣር አስተዳደር»፣ «ቤርሙዳ ግራስ»ን ደግሞ «የቤርሙዳ ሣር» አልኩት። ጓደኞቼ ለጆሮ አይጥምም አሉኝ። ደግሞስ የግቢ ሣር ይታጨዳል ነው የሚባለው ወይስ ይከረከማል?

መልስ፦ ጓደኞችሽ እውነታቸውን ነው። «አስተዳደር» የሚሄደው ከሰው፣ ከከተማና ከመሥሪያ ቤት ጋር ነው። የግብርና ሰዎች አፍ ላይ ያለው ቃል «አያያዝ» ነው፤ የአፈር አያያዝ፣ የሰብል አያያዝ፣ የድኅረ ምርት አያያዝ ይላሉ። ታዲያ «የሣር አያያዝ» ብቻ ብትዪም አይበቃም። እኛ ዘንድ ሣር ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው የከብት መኖ ነው፣ ካልሆነም የቤት ክዳን። አንቺ የምትማሪው ግን ሰው የሚረግጠውን፣ የሚጫወትበትን፣ አፈሩን ሸፍኖ ጥቅጥቅ እንዲል የሚፈለገውን ሣር ነው። ርዕሱን «የግቢና የሜዳ ሣር አያያዝ» በዪው፣ ማንም አይሳሳትም።

«አትክልት» ትንሽ ሰፋ ያለ ወሬ አለው። ከግእዝ የመጣ ነው፤ የ«ተክል» ብዙ ቁጥር። በጥንቱ ትርጉሙ የተተከለ ሁሉ ይገባበት ነበር። ዛሬ ግን ጠቧል፤ «አትክልት ብላ» ያልሽው ሰው ጎመንና ካሮት እንጂ ጽጌረዳ አይታየውም። ደስ የሚለኝ «አትክልተኛ» የሚለው ነው። አትክልተኛ አበባ ይኮተኩታል፣ የአጥር ተክል ይከረክማል፣ ሣር ያጠጣል፤ አሮጌው ሰፊ ትርጉም እዚያ ውስጥ እስካሁን በሕይወት አለ። ለትምህርቱ ስም ግን በዚህ ብቻ መመካት አይቻልም፤ «አትክልት» ብትዪ አንባቢሽ ፍራፍሬውን፣ አበባውንና ሣሩን ይተዋቸዋል። እኔ «ሆርቲካልቸር»ን እንዳለ እተወዋለሁ፤ ቃሉ ለምዷል። መግቢያው ላይ አንድ ጊዜ «የአትክልት፣ የፍራፍሬ፣ የአበባና የጌጥ ተክሎች ልማት» ብለሽ አብራሪውና እለፊ።

«የቤርሙዳ ሣር»ን ግን እባክሽ ሰርዢው! ይሄ እኮ የኛው ሰርዶ ነው። «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» ያለችው አህያ የምታውቀው ሰርዶ። ጎንበስ ብለሽ አንዱን ዘለላ ሳብ አድርጊው። ግንዱ መሬት ለመሬት ይሄዳል፣ በየአንጓው ሥር ይሰዳል፣ ከአፈር በታችም ሌላ ግንድ አለው። ገበሬው አርሶ፣ ለቅሞ፣ ጨረስኩ ሲል አፈር ውስጥ የቀረችው አንዲት አንጓ ትበቅልና ማሳው ላይ ትዘረጋለች። ለእሱ የለየለት አረም ነው። ለኳስ ሜዳ ግን ቢረገጥም ቶሎ ስለሚያገግም በሞቃት አገር ከሚመረጡት ሣሮች አንዱ ነው፤ በጎ ያደረገውም ገበሬውን የሚያማርረው ያው ጠባዩ ነው። ተማሪዎችሽ ሰርዶን ከልጅነታቸው ያውቁታል፤ ባዕድ ስም ሰጥተሽ አዲስ ነገር አታስመስዪባቸው።

ወደ ግሡ ልምጣ። «አጨደ» ውስጥ ማጭድ አለ፣ ምርት መሰብሰብም አለ። ጤፍ ታጨደ ማለት የማሳው ሥራ አለቀ፣ ነዶው ወደ አውድማ ሄደ ማለት ነው። የግቢ ሣር ግን ተቆርጦ መኖር አለበት። የሚያድግበት ነጥብ ከታች አፈሩ አጠገብ ስለሆነ ጫፉ ሲነሳ አይሞትም፤ ሆኖም ምግቡን የሚሠራው ቅጠሉ ነውና በአንድ ጊዜ ከቁመቱ 1/3 በላይ ባይነሳ ይመከራል። ለዚህ ሥራ «ከረከመ» ይሻላል፤ ጢምም አጥርም የሚከረከመው እንዲቀጥል ነው። መሣሪያውን ግን ሁሉም «የሣር ማጨጃ» ይለዋል፣ እሱን አትንኪው። «ሣሩን በማጨጃው ከርክሙት» ብለሽ ብትጽፊ ምንም ስህተት የለበትም።