ለኮረኮንች የምትሆን ርካሽ ሁለተኛ መኪና፦ ከስሟ በፊት ሻንሲዋን እይ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን በደንብ አነበብኩት። የቤተሰብ መኪናህ አዲስና ትልቅ ናት፤ ወደ ሥራ ትሄድባታለህ፣ ልጆች ታመላልስባታለህ። ከአስፋልት ወጥተህ ጭቃና ድንጋይ ላይ መንዳት ትፈልጋለህ፤ እርሷን ግን ለቁጥቋጦና ለቋጥኝ አሳልፈህ መስጠት አልሆነልህም። ስለዚህ ለዚሁ ብቻ የምትውል ርካሽ ሁለተኛ መኪና ልትገዛ አስበህ አራት አማራጭ አቅርበሃል፤ ያረጀች ላንድሮቨር ዲስከቨሪ፣ ያረጀች ሚትሱቢሺ ፓጄሮ፣ ሱዙኪ ጂምኒ እና ከመሬት ከፍ ያለች የከተማ መኪና። መጨረሻ ላይም «በዚሁ ገንዘብ ትልቋን ማግኘት እየቻልኩ ትንሿን ለምን እገዛለሁ?» ብለሃል።

እኔ ትንሿን ግዛ እላለሁ። በትልልቆቹም በትንንሾቹም ለዓመታት ነድቻለሁ፤ ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ። ለአንተ ሁኔታ ግን በገንዘብህ ከምታገኛቸው ሁሉ ክብደቷ የቀለለውን፣ አሠራሯ ያልተወሳሰበውን፣ ሻንሲዋ፣ ማለትም መላ መኪናዋን የሚሸከመው የብረት አጽሟ፣ ከዝገት የጸዳውን ምረጥ። ስሟና ዝናዋ ከዚያ በኋላ የሚታይ ነገር ነው።

ከክብደት ልጀምር፤ ገዢዎች ከሁሉ አሳንሰው የሚያዩት እርሱን ነውና። እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2018 የተመረተችው ሦስተኛዋ ትውልድ ጂምኒ አንድ ቶን ገደማ ትመዝናለች። የመጀመሪያዋ ዲስከቨሪ፣ ኒሳን ፓትሮልና ባለ 80 ተከታታይ ላንድክሩዘር ግን ሁለት ቶን አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ናቸው። በደረቅ አቀበት ላይ ልዩነቱ እምብዛም አይሰማህም። ጭቃ ላይ ግን ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። በአንድ ረግረጋማ ሜዳ ላይ ከፊት የነበረችው ጂምኒ ፀሐይ ያደረቀውን የላይኛውን ቅርፊት ሳትሰብር አልፋ ስትሄድ፣ ዱካዋን ተከትላ የገባችው ከባድ መኪና ግን ቅርፊቱን ሰብራ እስከ አክስሏ ስትሰምጥ በዓይኔ አይቻለሁ። የከባዷ ሾፌር ከሁላችንም የበለጠ ልምድ ነበረው፤ ጎማዎቹም የተሻሉ ነበሩ። መሬቱ ግን ያንን ሁሉ ክብደት የሚሸከም አልነበረም። ቀላል መኪና ስትያዝ ሁለት ሰው በአካፋ ጭቃውን ጠርጎ፣ ከጎማዋ ሥር ድንጋይ አስገብቶ፣ ገፍቶ ሊያወጣት ይችላል። ሁለት ቶን ሆዱ ላይ ሲተኛ ግን ሌላ ከባድ መኪና ወይም ዊንች (ገመድ እየጠቀለለ የሚስብ መሣሪያ) ካልተገኘ መፍትሔ የለውም። ከዚያም በኋላ ቢሆን ጎማው፣ ፍሬኑ፣ ኩሽኔታው፣ ሞላው፣ ከባድ መኪና የምትጨርሰው ዕቃ ሁሉ ትልቅና ውድ ነው።

ትንሿ እንከን የላትም እያልኩህ አይደለም። በፊትና በኋላ አክስሏ መካከል ያለው ርቀት 2,250 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ቦረቦር ባለበት አቀበት ላይ ትዘላለች፤ በጎን ተዳፋት ላይም ጥንቃቄ ትፈልጋለች። 1.3 ሊትር የሆነው ሞተሯ በረጅም የአስፋልት ዳገት ላይ ይደክማል። የኋላ ወንበሯ ካልታጠፈ ዕቃ የምታስቀምጥበት ቦታ የለህም ማለት ይቻላል። ያለችህ መኪና እርሷ ብቻ ብትሆን ኖሮ እነዚህ ከባድ ጉድለቶች ነበሩ። አንተ ግን ቤተሰብ የምትጭን፣ ረጅም መንገድ የምትሄድ መኪና አለችህ። ሁለተኛዋም ያንኑ ሥራ እንድትሠራ ከጠበቅህ፣ ለሁለቱም ሥራ በግማሽ ብቻ የምትሆን መኪና ትገዛለህ።

ከአማራጮችህ መካከል ከፍ ያለችውን የከተማ መኪና ያለማመንታት ሰርዛት። የሚጎድላት ዝቅተኛው የማርሽ ክልል ነው፤ በሁለተኛው አጭር ዘንግ ወይም በሚጫን ቁልፍ የሚገባው፣ የጎማዎቹን ፍጥነት ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ገደማ ቀንሶ ጉልበታቸውን በዚያው ልክ የሚጨምረው ማለቴ ነው። እርሱ ከሌለህ ድንጋያማ አቀበት ለመውጣት መንደርደር ግድ ይሆንብሃል፤ ዕቃ የሚሰበረውም ስትንደረደር ነው። ቁልቁለት ላይም ሞተሩ መኪናዋን አይይዝልህም፤ ሸክሙ ሁሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል። በዚያ ላይ የብዙዎቹ የኋላ ጎማ ኃይል የሚያገኘው እንደ ፍሪሲዮን በሚይዝና በሚለቅ ማያያዣ በኩል ነው። ይህ ማያያዣ አሸዋ ላይ ጥቂት ሲለፋ ይግልና ራሱን ለመጠበቅ ይለቃል፤ ያኔ በፊት ጎማ ብቻ የምትሳብ መኪና ይዘህ መሃል አሸዋ ላይ ትቀራለህ።

ስለ ዲፈረንሻልም፣ የሞተሩን ጉልበት ለጎማዎች ስለሚያከፋፍለው የጥርስ ስብስብ፣ ልንገርህ። ብዙ ሰው ፎር ዊል ድራይቭ ሲባል አራቱም ጎማ ሁልጊዜ የሚስብ ይመስለዋል። ተራ ዲፈረንሻል ለግራና ለቀኝ ጎማ እኩል ጉልበት ያከፋፍላል። አንዱ ጎማ አየር ላይ ከተንጠለጠለ እርሱን ለማሽከርከር እጅግ ጥቂት ጉልበት ይበቃል፤ መሬት ላይ ላለው ጓደኛውም የሚደርሰው ያው ጥቂቱ ነው። አንድ የፊትና አንድ የኋላ ጎማ በአንድ ጊዜ ከመሬት ከተነሡ፣ መኪናዋ ፎር ዊል ድራይቭ ብትሆንም ትቆማለች። ስለዚህ ጎማዎቿ መሬት ሳይለቁ ከፍና ዝቅ ማለት የሚችሉላት መኪና ትመረጣለች። ጂምኒ ከፊትም ከኋላም ወጥ አክስል (ግራና ቀኝ ጎማን በአንድ ብረት የሚያያይዝ) ያላት በሞላ ላይ የተቀመጠች መኪና ስለሆነች፣ አንዱ ጎማ ድንጋይ ላይ ሲወጣ ሌላው ወደ ታች ይጫናል። ከእርሷ በፊት የነበረችው ሳሙራይም ወጥ አክስል አላት፤ ነገር ግን በባሌስትራ፣ ማለትም በተደራረቡ ጠፍጣፋ ብረቶች፣ ላይ ስለተቀመጠች ወገብ ትፈትናለች።

ጂምኒ በዝናዋ ምክንያት ብታረጅም ዋጋዋ በቀላሉ አይወርድም። ከአቅምህ በላይ ከሆነች እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣችውን የመጀመሪያዋን ቪታራ ፈልግ። ከቦዲዋ የተለየ ራሱን የቻለ ሻንሲና ዝቅተኛ ማርሽ አላት፤ የፊት ጎማዎቿ ለየብቻ የሚንቀሳቀሱ በመሆናቸው ድንጋይ ላይ ከጂምኒ ታንሳለች፣ ለመንገድ ግን ትመቻለች። ላዳ ኒቫም በአማራጮችህ ውስጥ ባትኖርም እኔ አክብሬ የማያት መኪና ናት። እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ አራቱም ጎማ ሁልጊዜ የሚስብ፣ የመሃል ዲፈረንሻሏ (ለፊትና ለኋላ አክስል የሚያከፋፍለው) የሚቆለፍ፣ ዝቅተኛ ማርሽ ያላትና 1.2 ቶን ገደማ የምትመዝን ናት። ትጮኻለች፣ የኃይል ማከፋፈያ ሳጥኗ በትክክል ካልተገጠመ ትንቀጠቀጣለች፣ የፊት ኩሽኔታዎቿንም በየጊዜው ማስተካከል ያስፈልጋል። ራሱ ቁልፍ ይዞ መሥራት ለሚወድ ሰው ግን ጥሩ መማሪያ ናት። መለዋወጫዋ አጠገብህ ከሌለ ተዋት።

ዲስከቨሪና ፓጄሮን በአጭሩ ልለፋቸው። ሁለቱም ጎበዝ መኪኖች ናቸው፤ በተለይ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1999 አካባቢ የተሠራችው ፓጄሮ ራሱን የቻለ ሻንሲ አላት፣ በብዙዎቹ ላይም ፎር ዊሉ አስፋልት ላይ ሳይቀር ሊገባ የሚችል ነው። አራት ሰውና ድንኳን ጭነህ የምታድር ቢሆን እርሷን እመርጥልህ ነበር። ነገር ግን ርካሽ የሆነች ትልቅ መኪና የረከሰችበት ምክንያት አላት። መኪና ሲያረጅ ዋጋው ይወርዳል፤ የመለዋወጫው ዋጋ ግን አብሮ አይወርድም። ባለቤቷ ሊሸጣት የተነሣው ብዙውን ጊዜ ከፊቱ የሚጠብቀውን የጥገና ሒሳብ ስላየ ነው።

የግዢው ውሳኔ የሚሰጠው ከመኪናዋ ሥር ተኝቶ ነው። አሮጌ ልብስ ልበስ፤ የእጅ ባትሪ፣ ትንሽ መዶሻና ካቻቪቴ ያዝ። ሻጩን አስፈቅደህ ሻንሲውን ከፊት እስከ ኋላ በመዶሻው ቀስ እያደረግህ ምታው። ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተበላው ግን ይታፈናል፣ ቅርፊትም ያራግፋል። ጭቃ ገብቶ የሚያድርባቸውን ቦታዎች አትለፋቸው፤ የኋላ ሞላዎች የሚያርፉበትን፣ ቦዲው ከሻንሲው ጋር የሚታሰርበትን፣ የፓራፋንጎውን ውስጠኛ ክፍል በካቻቪቴው ጫፍ ፈትናቸው። በዲስከቨሪ የኋላውን ወለልና የበሮቹን ሥር፣ በጂምኒም የኋላ ወለሏን ከታች እይ። ሥሯ በሙሉ ትናንት የተቀባ ወፍራም ጥቁር ቀለም ከለበሰ ተጠራጠር፤ ከሥሩ ያለውን ማየት የማይፈቅድልህ ሻጭ መልሱን ሰጥቶሃል። ሞተር ይቀየራል፣ ካምቢዮ ይጠገናል፤ የበሰበሰ ሻንሲ ግን ገንዘብህን በልቶ አይጠግብም፣ ለሕይወትም ያሰጋል።

ቀጥሎ የዲፈረንሻሉን የዘይት ብሎን አስፈታ። ዘይቱ ወተት የተቀላቀለበት ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል። የደኅንነት ቀበቶዎቹን እስከ መጨረሻው ሳባቸው፤ ተጠቅልሎ በሚቀመጠው ክፍል ላይ የጭቃ መስመር ካየህ ያቺ መኪና ወንዝ ውስጥ ቆማ ታውቃለች፤ የኤሌክትሪክ መስመሯ ወደፊት ያስለቅስሃል። መሪውን እስከ ጫፍ አጥፈህ በዝግታ ስትነዳት ከፊት ጎማ በኩል ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከሰማህ የአክስሉ መገጣጠሚያ አልቋል።

ፎር ዊሉን መሞከር ያለብህ አፈር ላይ ነው። እንደ ጂምኒ ባሉት ላይ በደረቅ አስፋልት ፎር ዊል አስገብቶ መጠምዘዝ ዕቃውን ያስጨንቀዋል፤ የፊትና የኋላ ጎማዎች በጥምዝ ላይ የሚሄዱት ርቀት እኩል አይደለምና። አፈር ላይ አስገብተህ መሪውን አጥፈህ በዝግታ ሂድ፤ ፎር ዊሉ በትክክል ከገባ መኪናዋ ስትታገል ይሰማሃል። ያለ ምንም ትግል ከዞረች የፊት ጎማዎቹ አልተያዙም። ፎር ዊላቸው በሚጫን ቁልፍ በሚገባ ጂምኒዎች ላይ ይህ የተለመደ ችግር ነው፤ የፊት ጎማዎቹን ከአክስሉ ጋር የሚያያይዘው ነገር በአየር መሳብ የሚሠራ ስለሆነ፣ ቀጫጭን የጎማ ቱቦዎቹ ሲሰነጠቁ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል እንጂ ፎር ዊሉ አይገባም። ብዙ ጊዜ በቀላሉ ይጠገናል፤ ዋጋ ለመቀነስ መከራከሪያ ይሁንህ። በመጨረሻ አስፋልት ላይ አውጥተህ ፍጥነት ጨምር። መሪው በእጅህ ውስጥ በኃይል ከተርገፈገፈ የፊት አክስሉን ኩሽኔታዎችና ጎሚኒዎች በመካኒክ አስመርምር፤ ጎማ ማመጣጠን ብቻ ነው የሚልህን ሻጭ አትመን።

ናፍጣ ይሁን ቤንዚን ብለህም ጠይቀሃል። ለዚህ ሥራ አልጨነቅበትም። በደንብ የተያዘ ቤንዚን ሞተር ከተጎሳቆለ ናፍጣ ይሻላል፤ አልፎ አልፎ ለምትነዳ መኪና የነዳጅ ልዩነቱ ትልቅ አይደለም።

ገንዘብህን ሁሉ ለመግዣ አታውጣው። ሢሶውን አስቀር። መጀመሪያ የሚመጣው ጎማ ነው፤ ያረጀ የአስፋልት ጎማ ያላት ምርጥ መኪና፣ ጥሩ የኮረኮንች ጎማ ካላት ተራ መኪና ታንሳለች። ከጎማው ጋር የአየር መለኪያና ትንሽ የአየር መሙያ ግዛ። ጭቃና አሸዋ ላይ ስትገባ ነፋሱን አስተንፍስ፤ ለቀላል መኪና ከ1.0 እስከ 1.2 ባር ብዙ ጊዜ ይበቃል። ጎማው ሲላላ መሬት የሚነካው ክፍል ይረዝማል፣ ክብደቱም ይሰራጫል፤ ቅድም መውጣት ያቃተህን አሸዋ በዚሁ ብቻ ስትወጣው ታያለህ። በላላ ጎማ ግን በፍጥነት አትንዳ፣ መሪም በድንገት አትጠምዝዝ፤ ጎማው ከቸርኬው ሊወልቅ ይችላል። አስፋልት ከመውጣትህ በፊት መልሰህ ሙላው።

አካፋ፣ የክብደት መጠኑ የተጻፈበት መጎተቻ ገመድ እና ከሻንሲው ጋር በብሎን የታሰረ ጠንካራ መንጠቆ ከፊትም ከኋላም ይኑርህ። ተጎታች ለመሳብ የሚገጠመውን ክብ የብረት ኳስ የተያዘች መኪና ለማውጣት በፍጹም እንዳትጠቀምበት። ሲገነጠል እንደ ጥይት ይወረወራል፤ በዚህ ሰው ሞቷል። ገመዱ ሲወጠር የቆመ ሰው ሁሉ ይራቅ። ለብቻህም አትሂድ፤ ቢያንስ አንድ ሌላ መኪና አብሮህ ይኑር።

መኪናዋን ከመሬት ከፍ ማድረጉን ለጊዜው ተወው። ቁመቷ ሲጨምር የመሪው ማዕዘንና የሚሽከረከረው የኃይል ዘንግ አቀማመጥ ይለወጣል፣ ያልነበረ ርግፍግፍታ ይመጣል፣ በተዳፋት ላይ የመገልበጥ አደጋውም ይጨምራል። ሌላ ሰው ከፍ ያደረጋትንም፣ ማን እንደሠራትና ምን ምን እንደተቀየረ በዝርዝር ካልተነገረህ አትግዛ። ፋብሪካ እንዳወጣት ያለች መኪና ምን ያህል እንደምትሄድ መጀመሪያ እወቅ።

ሄደህ የምታያት መኪና ስትገኝ ፎቶዋን እዚሁ ለጥፍልኝ። ከላይ ያለውን ቀለም ተወውና የኋላ ሞላዎቹ የሚያርፉበትን ቦታ፣ የፊት አክስሉን ሁለት ጫፎችና የሻንሲውን የኋላ ግማሽ በባትሪ ብርሃን አንሣ፤ ያየሁትን ሳልደብቅ እነግርሃለሁ።