በፓሪስ ሳሎን ደጅ ጥናት፦ ጥያቄና መልስ

(ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳይ ደጋፊ ሰው የሌለው ሠዓሊ ሊታወቅ ይችል ነበር?

መልስ፦ ይችል ነበር፤ ነገር ግን መንግሥት በሚያዘጋጀው «ሳሎን» በተባለው ዐውደ ርእይ (ስሙ የመጣው ከሉቭር ቤተ መንግሥት አንድ አዳራሽ ነው) ሥራው ያልታየለት ሠዓሊ ገዥ ማግኘት እጅግ ይቸግረው ነበር። ዳኞቹ ቢቀበሉትም እንኳ ሥዕሉ ከጣሪያው ሥር ከተሰቀለ ልብ የሚለው ስለሌለ፣ ደጅ የሚጠናው ለመግባት ብቻ ሳይሆን በዐይን ትክክል ለመሰቀልም ነበር። ሠዓሊው ሬኖዋር በ1879 ያቀረበው የወይዘሮ ሻርፓንቲዬና የልጆቿ ሥዕል ጥሩ ቦታ ማግኘቱ ከሥዕሉ ውበት ይልቅ ከወይዘሮዋ ተሰሚነት የመጣ ነው፤ ባለቤቷ ታዋቂ አሳታሚ፣ ቤቷም የፖለቲከኞችና የደራስያን መሰብሰቢያ ነበርና።

ጥያቄ፦ የሳሎኑ የበላይ የነበረው ኒዩቨርከርክ የተሾመው በፍቅር ነው ይባላል፤ እውነት ነው?

መልስ፦ ራሱ ቀራፂ ስለነበር ከሙያው ባዕድ አልነበረም። ሆኖም የንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን ሣልሳዊ የአጎት ልጅ የልዕልት ማቲልድ ፍቅረኛ ባይሆን ኖሮ በ1849 የሙዚየሞች ዋና ዳይሬክተር፣ በ1863 ደግሞ የሥነ ጥበብ የበላይ ኃላፊ ይሆን ነበር ብዬ አላምንም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ንጉሠ ነገሥቱ በ1863 በሳሎኑ ዳኞች ውድቅ ለተደረጉት ለምን ፈረደላቸው?

መልስ፦ ከቀረቡት 5,000 ያህል ሥራዎች ከግማሽ በላይ ውድቅ ስለሆኑ ጩኸቱ ቤተ መንግሥት ደረሰ፤ እርሱም ሄዶ አይቶ፣ ሕዝቡ ራሱ እንዲፈርድ ለብቻ ይታዩ አለ። የሠዓሊው ማኔ «የሣር ላይ ምሳ» የተሳቀበት እዚያ ነው። በዚያው ዓመት ንጉሠ ነገሥቱ በገንዘቡ የገዛው ግን በተለመደው ስልት የሚሥለውን የካባኔልን «የቬኑስ ልደት» ነበር። በኅዳር ወር የወጣው አዋጅም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን ከአካዳሚው (ከተመረጡ የጥበብ ሰዎች ጉባኤ) እጅ አውጥቶ ለመንግሥት አስረከበ፤ በእኔ አስተያየት የደጅ ጥናቱ ደጅ ተቀየረ እንጂ ደጅ ጥናቱ አልቀረም።

ጥያቄ፦ ዛሬ የምናደንቃቸውስ ከዚህ ነጻ ነበሩ?

መልስ፦ አልነበሩም፤ እኔም አልወቅሳቸውም። ሠዓሊውን ደላክሯን በ1822 በጋዜጣ ያሞገሰው ወጣቱ ቲዬር በ1833 ሚኒስትር ሆኖ በፓርላማው ሕንፃ በፓላ ቡርቦን የንጉሡን አዳራሽ እንዲሥል ሰጠው፤ አካዳሚው ግን ደጋግሞ ከመለሰው በኋላ በ1857 ነው የተቀበለው። ማኔም የክብር ሌጌዎን የተባለውን የፈረንሳይ መንግሥት ኒሻን ያገኘው የልጅነት ጓደኛው አንቶናን ፕሩስት በ1881 የሥነ ጥበብ ሚኒስትር ሲሆን ነው። ይህንኑ ኒሻን ሠዓሊው ኩርቤ በ1870 ለሚኒስትሩ በጻፈው ግልጽ ደብዳቤ አልቀበልም ብሎ መልሶት ነበር።