ራውተር ላይ «ውጣ» ሲሉህ ወዴት ነው?

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ኔትወርክ እየተማርኩ ነው። ላብ ውስጥ ራውተሩን (ኔትወርኮችን የሚያገናኘውን መሣሪያ) # የሚለው የትእዛዝ መጻፊያ ምልክት ላይ አድርሼ ቀጥሎ ምን እንደማደርግ ጓደኛዬን ጠየቅኩት። «ኮንፊግ (የራውተሩ ቅንብር የሚቀየርበት ክፍል) ላይ ውጣ» አለኝ። እኔ ኤግዚት (exit፣ «ውጣ») ብዬ ጻፍኩ፤ ራውተሩ አስወጣኝ። አስተማሪያችን ደግሞ «ኮንፊግ ግቡ» ነው የሚለው። የማንኛቸው አማርኛ ነው ልክ?

መልስ፦ ጥፋቱ የ«ወጣ» ነው። ግዕዝ ሁለት ግስ ነበረው፤ ወደ ደጅ ለሚሄድ ወፅአ፣ ወደ ላይ ለሚሄድ ዐርገ። ኦሪት ዘፀአትና ዕርገት ልዩነቱን እስከ ዛሬ ይዘውታል። አማርኛ ግን ሁለቱንም «ወጣ» ላይ ጫነው። ከቤትም እንወጣለን፣ ዳገትም እንወጣለን። ከደብረ ሲና ተነስቶ ጣርማ በርን የወጣ ሰው ሽቅብ ሄደ እንጂ ከቤት አልወጣም። እዚያ ዳገቱ ስለሚታይ ማንም አይሳሳትም። ጥቁር ስክሪን ላይ ግን ምን ዳገት አለ?

ጓደኛህ ዝም ብሎ አልተናገረም። ሲስኮ የተባለው ኩባንያ ራውተር ላይ መጀመሪያ የምታገኘው ምልክት > ነው፤ ጥቂት ነገር ማየት እንጂ መነካካት የለም። ኢኔብል (enable) የሚለውን ትእዛዝ ስትጽፍ # ይመጣል፣ ሥልጣንህ ያድጋል። ሥልጣን ላይ ወጣ እንል የለ? ኮንፊግ ግን ማማ አይደለም፣ ጓዳ ነው። በውስጡ ሌላ ጓዳ አለ፣ ኢንተርፌስ፤ የራውተሩ መገናኛ በር የሚቀናበርበት። ጓዳ ደግሞ ይገባል። ስለዚህ አስተማሪህ ልክ ነው። «ውጣ»ን ለኤግዚት ብቻ ተዉለት። ለኢኔብል «ከፍ በል»፣ ከ# ወደ መጀመሪያው ምልክት ለሚመልሰው ዲሴብል (disable) «ዝቅ በል» ይበቃል።

ኤንድ (end) የሚለውን ትእዛዝ «ጠቅልለህ ውጣ» ልትሉት ትችሉ ይሆናል። እኔ አልወደውም። ኤግዚት ከጓዳ ጓዳ አንድ በር ብቻ ያስወጣል፤ ኤንድ በአንዴ # ላይ ይመልስሃል፣ ቤቱን ግን አያስለቅቅህም። «ሳሎን ተመለስ» ይቀርበዋል። ጠቅልሎ መውጣትማ አንተ ያደረግኸው ነው፤ # ላይ ቆሞ ኤግዚት!

ሳልረሳው፣ ኢንተርፌስን ሥራ የሚያስጀምረውን ኖ ሹትዳውን (no shutdown) የሚለውን ትእዛዝ «አትዝጋ» እንዳትሉት። የሲስኮ ራውተር ኢንተርፌስ ከፋብሪካ ሲመጣም በአብዛኛው ዝግ ነው። ዝግ በር ፊት ቆሞ «አትዝጋ» የሚል የለም፤ «ክፈት» ነው።