«በየቀኑ እናወራለን» እና «አታወሪኝም»፦ ስለ ወላጅና ልጅ ጥያቄና መልስ

የተማሪዎች አማካሪ ነኝ፤ ሥራው ላይ 11 ዓመት ቆይቻለሁ። ጥያቄዎቻችሁን በደረሱኝ ቅደም ተከተል እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ የ15 ዓመት ልጄ «አንቺ እኮ አታወሪኝም» አለችኝ። በየቀኑ ነው የምናወራው! ምን ማለቷ ነው?

እሷም አልዋሸች፣ እርስዎም። እስቲ ትናንት ማታ የተባባላችሁትን ወረቀት ላይ ይጻፉት። «በላሽ? የቤት ሥራሽስ? ስልኩን አስቀምጪ።» ለእርስዎ ይህ ማሰብ ነው፤ ለእሷ የፍተሻ ኬላ። እርስዎ የሚቆጥሩት የተነገረውን ነው፣ እሷ የተሰማላትን። የእኛ አገር ጠባይ ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1985 ባርንስና ኦልሰን የተባሉ ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ ቤተሰቦችን ሲጠይቁ ወላጆች ከልጆቻቸው ይልቅ ቤቱን ግልጽነት ያለበት አድርገው ነበር የገለጹት። አንድ ቤት፣ ሁለት ወሬ።

ጥያቄ፦ የልጄን ስልክ ብፈትሽ እውነቱን አላውቅም?

የተወሰነውን፣ እስኪነቃብዎ ድረስ። ተመራማሪዎቹ ማርጋሬት ከርና ሆካን ስታቲን ስዊድን ውስጥ የ14 ዓመት ልጆችንና ወላጆቻቸውን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተሙት ጥናት አለ። ወላጅ ስለ ልጁ ውሎ የሚያውቀው በአብዛኛው ልጁ በራሱ ፈቃድ ስለነገረው እንጂ ስለተቆጣጠረው አልነበረም። እርግጥ ብዙ የሚናገር ልጅ ድሮም የሚደብቀው ያነሰ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ገደብ አያስፈልግም ብዬ አልከራከርም። ግን ልጅዎ ባለፈው አንድ ነገር ሲነግርዎ ምን አገኘ? ቁጣ ከሆነ፣ ሁለተኛ አይነግርዎትም።

ጥያቄ፦ 16 ዓመቴ ነው። ክፍሌን አላጸዳህም ብላ እማዬ ቀኑን ሙሉ ስትቆጣ ትውላለች። እኔ በ10 ደቂቃ ረስቼዋለሁ።

አንተ ረሳኸው፣ እሷ ግን ይዛው ታድራለች። የጉርምስና ዕድሜን የሚያጠናው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ ሎረንስ ስታይንበርግም እንዲህ ያለው ጥቃቅን ንትርክ ከልጆቹ ይልቅ ወላጆቹን እንደሚያውክ ጽፏል። ላንተ ክፍሉ የራስህ ጉዳይ ነው፤ ለእሷ እንግዳ የመጣ ቀን የሚታይ የቤቱ ገመና። አልጋህን አንጥፍ፣ ሌላውን ተደራደር።

ጥያቄ፦ «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይባላል። ሐሳቡን መጠየቅ ምን ይጠቅማል?

ሳያቦካ ማቡካት የተማረ አላየሁም።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነው የምሠራው። በኢሞ ስደውል የ14 ዓመት ልጄ «ደህና ነኝ» ብላ ስልኩን ለአያቷ ታቀብላለች። ረሳችኝ?

አይመስለኝም፣ እህቴ። ስትደውዪ ስልኩ በላውድ ነው? አያት፣ አክስት፣ አንዳንዴም ቡና ልትጠጣ የመጣች ጎረቤት እየሰማች የ14 ዓመት ልጅ ከ«ደህና ነኝ» ሌላ ምን ትበል? በኢሞ የድምፅ መልእክት ላኪላት፣ ለብቻዋ ሆና የምትሰማው። ስለ ውጤቷ አትጠይቂያት። ያንቺን ውሎ ንገሪያት፤ አሠሪሽ ምን እንዳለች፣ ምን እንዳሳቀሽ። መልሱ ሳምንት ሊፈጅ ይችላል፤ በመሃል «ለምን ዝም አልሽ?» ብለሽ እንዳትጽፊ።