ጥያቄና መልስ፦ የግል ሀብት አስተዳደር ትምህርት ከየት ይጀምር?

የዚህ ዕትም ጥያቄዎች የመጡት የቤተሰብ ሀብት አያያዝን ከሚያስተምሩና ከሚማሩ አንባቢዎች ነው። ደብዳቤዎቹን ጉዳያቸው ሳይለወጥ አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። በአንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ የአካውንቲንግና ፋይናንስ መምህር ነኝ። በመጪው ሴሚስተር «የግል ሀብት አስተዳደር» የሚል ኮርስ ለአራተኛ ዓመት ተማሪዎች እንዳስተምር ተመድቤያለሁ። ያለኝ መጽሐፍ የአሜሪካ ነው፤ ስለ አሜሪካ የጡረታ ሂሳብ፣ ስለ ትረስትና ስለ ኢንዴክስ ፈንድ ያስረዳል። ተማሪዎቹ ቀመሩን ሸምድደው ያልፋሉ፤ አንድ የመርካቶ ነጋዴ ፊት ቢቀመጡ ግን የሚሉት የሚኖራቸው አይመስለኝም። ያለኝ 14 ሳምንት ነው። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከፖርትፎሊዮ፣ ማለትም ገንዘብን በተለያዩ ሀብቶች ላይ ከማከፋፈል ስሌት፣ አይጀምሩ። አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ባለሙያ ሃሪ ማርኮዊትዝ በ1952 እ.ኤ.አ. ያቀረበው የፖርትፎሊዮ ስሌት በየጊዜው የሚታወቅ ዋጋ ይፈልጋል። የአብዛኛው ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ሀብት ግን ቤት፣ የሱቅ ዕቃ፣ ዱቤ፣ እቁብና በገበያ ያልተመዘገበ አክሲዮን ነው፤ ለእነዚህ የየቀኑ ዋጋ የሚነግርዎት የለም። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች (እንደ አክሲዮንና ቦንድ ያሉ ሰነዶች) ገበያ የተከፈተው ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው፤ ገና ልጅ ነው። ስለዚህ ስሌቱን ወደ አሥረኛው ሳምንት ይግፉት፤ መነሻዎ የአንድ ቤተሰብ የሀብትና የዕዳ ዝርዝር ይሁን። ሴሚስተሩን ሙሉ አንድ ቤተሰብ ይዞ መሄድ በየሳምንቱ አዲስ ምሳሌ ከመስጠት ይሻላል፤ ተማሪው በሦስተኛው ሳምንት የሠራው ስህተት በዘጠነኛው ሳምንት ራሱ ላይ ሲመጣበት ያየዋል።

ለክፍል የሚሆን አንድ ቤተሰብ እነሆ። አባት 58 ዓመቱ ነው፣ ሚስት 49። ሦስት ልጆች አሉ፤ የ27 ዓመቱ ከአባትየው የቀድሞ ትዳር ነው፣ የ19 እና የ14 ዓመቶቹ የሁለቱ ናቸው። ሀብታቸው፦ የሚከራይ ጂ ፕላስ ቱ ሕንፃ 42 ሚሊዮን ብር፣ መኖሪያ ቤት 18 ሚሊዮን፣ የሱቅ ዕቃ 9 ሚሊዮን፣ የባንክ አክሲዮን 4 ሚሊዮን፣ ደንበኞች ዘንድ ያለ ዱቤ 3 ሚሊዮን፣ ባንክ ያለ ጥሬ ገንዘብ 2.4 ሚሊዮን። ድምሩ 78.4 ሚሊዮን ነው። በሕንፃው ላይ የ12 ሚሊዮን ብር የባንክ ብድር አለ፣ ሕንፃውም በመያዣነት ተይዟል። ሰውየው 50 ሰው ያለበት፣ በየሳምንቱ 50,000 ብር የሚጣልበት እቁብ ውስጥ ነው፤ በ30ኛው ሳምንት ወጥቶለታል።

የመጀመሪያው የቤት ሥራ እቁቡ የት ይጻፍ የሚለው ይሁን። ብዙ ተማሪ ወይ ይረሳዋል ወይ እንደ ቁጠባ ይቆጥረዋል። እቁብ እስኪወጣ ድረስ የተጣለው ገንዘብ ሀብት ነው፤ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ክፍያ ዕዳ ነው። ለዚህ ሰው 20 ሳምንት ቀርቶታል፣ ማለትም 1 ሚሊዮን ብር ዕዳ አለበት። ስለዚህ ጠቅላላ ዕዳው 13 ሚሊዮን፣ የተጣራ ሀብቱ 65.4 ሚሊዮን ይሆናል። ቀድሞ የደረሰው ወለድ የሌለው ብድር እንዳገኘ፣ መጨረሻ የሚደርሰው ደግሞ ወለድ የሌለው ቁጠባ እንዳስቀመጠ ተማሪዎቹ ራሳቸው እንዲደርሱበት ይተዉአቸው። ግሽበት ባለበት አገር በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ነው።

ሁለተኛው ሥራ ሀብቱ በምን ያህል ፍጥነት ብር እንደሚሆን መለየት ነው። ሕንፃውና መኖሪያው ብቻ 60 ሚሊዮን ናቸው፣ ከጠቅላላው ሀብት 76 በመቶ በላይ። ባንክ ያለው ጥሬ ገንዘብ 3 በመቶ ብቻ ነው። የቤቱ ወጪ በወር 150,000፣ የብድሩ ክፍያ 350,000፣ እቁቡ ወደ 217,000 ብር ቢሆን፣ በወር 717,000 ብር ያስፈልጋል። ሱቁ ቢዘጋና ተከራይ ቢለቅ 2.4 ሚሊዮኑ ከሦስት ወር ብዙም አያልፍም። በወረቀት 65 ሚሊዮን ያለው ሰው በአራተኛው ወር እቁብ መጣል ሊያቅተው ይችላል። ይህን ቁጥር ተማሪው በራሱ እጅ ሲያወጣው የጥሬ ገንዘብ ክምችት ለምን እንደሚያስፈልግ ሌላ ማብራሪያ አይጠይቅም።

ከዚያ ወደ ሕጉ ይግቡ። የቢዝነስ መምህራን ብዙ ጊዜ የሚዘሉት ይህን ነው፣ ገንዘብ በብዛት የሚጠፋውም እዚሁ ጋ ነው። ከሕግ ትምህርት ክፍል አንድ መምህር ለሁለት ክፍለ ጊዜ ይጋብዙ፤ የተሻሻለውን የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 እና የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ የውርስ ክፍል ለተማሪዎቹ ያባዙ። ክልሎች የራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው የእናንተን ክልል ሕግ ጎን ለጎን ያስነብቡ። ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ የውርስ ጉዳይ በሸሪዓ ፍርድ ቤት እንደሚታይ፣ የድርሻ አከፋፈሉም እንደሚለይ ይናገሩ።

አሁን ዝርዝሩ ላይ አንድ ነገር ይጨምሩ፦ መኖሪያ ቤቱን ሰውየው የገዛው ከአሁኗ ሚስቱ ጋር ከመጋባቱ ሁለት ዓመት በፊት ነው፣ ማስረጃም አለው። ከዚያ ይጠይቁ፤ «ሰውየው ሳይናዘዝ ቢሞት ማን ምን ያገኛል?» የተለመደው መልስ «ለሚስትና ለልጆች ይካፈላል» የሚል ነው። ልክ አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ኑዛዜ በሌለበት ቀዳሚዎቹ ወራሾች ልጆች ናቸው፣ እኩል ይወርሳሉ፤ ከቀድሞ ትዳር የተወለደውም እኩል ነው። ሚስት የምትወስደው በውርስ ሳይሆን የጋራ ሀብቱን ግማሽ በባለቤትነት ነው።

በቁጥር ሲሠራ እንዲህ ይሆናል። ከመኖሪያ ቤቱ ውጭ ያለው 60.4 ሚሊዮን የጋራ ሀብት ነው፤ 13 ሚሊዮኑ የጋራ ዕዳ ሲቀነስ 47.4 ይቀራል። ሚስት 23.7 ሚሊዮን ትወስዳለች። የሟች 23.7 እና የግል ቤቱ 18 ሚሊዮን አንድ ላይ 41.7 ሚሊዮን ውርስ ይሆናሉ፤ ለሦስት ሲካፈል ለእያንዳንዱ ልጅ 13.9 ሚሊዮን ይደርሳል። ሚስት በዓመታት ከኖረችበት ቤት ግን በስሟ አንድ ክፍል እንኳ የላትም። የ27 ዓመቱ ልጅ ድርሻዬን በገንዘብ ስጡኝ ቢል፣ ባንክ ያለው 2.4 ሚሊዮን ብቻ ነው። ሕንፃው በጥድፊያና በርካሽ የሚሸጠው እንዲህ ሲሆን ነው። ትጉህ ተማሪ «ቤቱ በጋብቻ ዘመን በጋራ ገንዘብ ቢታደስስ?» ብሎ ከጠየቀ ያበረታቱት፤ በእርግጥም ክርክር የሚነሳበት ቦታ ነው። ንብረት ሁሉ የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ተብሎ እንደሚገመትም ያስታውሱ፤ ቤቱ የግል የሆነው ማስረጃው ስላለ ነው።

ኑዛዜንም በቅርጹ ያስተምሩ፤ የሚወድቀው በአብዛኛው በቅርጽ ጉድለት ነው። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ ለተናዛዡና ለአራት ምስክሮች ተነቦ፣ ይህ መፈጸሙና ቀኑ ተጽፎ፣ ሁሉም ሊፈርሙበት ይገባል። ተናዛዡ ብቻውን የሚያደርገው ኑዛዜ ደግሞ በራሱ እጅ የተጻፈ፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ የሚናገር፣ በየገጹ ቀንና ፊርማ ያለው መሆን አለበት። ኮምፒውተር ቤት አስተይቦ ከታች መፈረም የተለመደ ስህተት ነው።

ከዘጠነኛው ሳምንት በኋላ ኢንሹራንስ፣ ጡረታና ኢንቨስትመንት ይመጣሉ። ለማጠቃለያ ፈተና ፋንታ እያንዳንዱ ቡድን ለዚያ ቤተሰብ ከስድስት ገጽ ያልበለጠ የሀብት አስተዳደር ሰነድ ይጻፍ፦ ቤተሰቡ የሚፈልገው፣ መሸከም የሚችለው ኪሳራ፣ የጊዜው ርዝመት፣ ግብር፣ በእጅ መገኘት ያለበት ጥሬ ገንዘብ፣ የሕግ ጉዳዮች፣ የቤተሰቡ የተለየ ሁኔታ። ገጹ ካልተገደበ መጽሐፉን ገልብጠው ያመጡልዎታል።

ጥያቄ፦ የኤም.ቢ.ኤ. ተማሪ ነኝ። መምህራችን የባንክ ቁጠባ «ስጋት የሌለበት» ነው አሉን። አባቴ ደግሞ የባንክ አክሲዮን 30 በመቶ ይከፍላል ይላል። ሁለቱን እንዴት አወዳድራለሁ?

መልስ፦ ሁለቱም አነጋገሮች አንዳንድ ነገር ይደብቃሉ። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ የቁጠባ ወለድ ዝቅተኛ ወለል 7 በመቶ ነው። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ግሽበት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ግሽበቱን ልክ 30 ብለን እንሥራው። 100,000 ብር በዓመቱ 107,000 ይሆናል፤ ይህ በዓመቱ መጀመሪያ ዋጋ ሲለካ 107,000 ለ1.30 ሲካፈል ነው፣ 82,308 ብር ገደማ። የመግዛት አቅሙ በ17.7 በመቶ ወርዷል። ብዙ ተማሪ ከ30 ላይ 7 ቀንሶ 23 በመቶ ጠፋ ይላል፤ ግሽበቱ ዝቅ ሲል በመቀነስና በማካፈል መካከል ያለው ልዩነት አይታይም፣ እኛ ባየነው መጠን ግን ከአምስት ነጥብ በላይ ያሳስታል። ስለዚህ ቁጠባ ብሩ ይመለሳል በሚለው ስሜት አስተማማኝ ነው፤ በብሩ የሚገዛው ጤፍ ግን ዋስትና የለውም።

የአክሲዮኑ 30 በመቶ ብዙውን ጊዜ የሚሰላው በአክሲዮኑ ላይ በተጻፈው ዋጋ ነው። 1,000 ብር የተጻፈበት አክሲዮን 300 ብር ከከፈለና አባትዎ ከሌላ ሰው በ2,500 የገዙት ከሆነ፣ ገቢያቸው በከፈሉት ላይ 12 በመቶ ነው። ሌላም ይጠይቋቸው፦ አክሲዮኑ ሙሉ በሙሉ ተከፍሏል ወይስ ተፈርሞ የቀረ ክፍያ አለው? ብሔራዊ ባንክ የባንኮችን ዝቅተኛ የተከፈለ ካፒታል ወደ 5 ቢሊዮን ብር ባሳደገበት ጊዜ ብዙ ባለአክሲዮን ትርፉን በእጁ ሳይቀበል ለካፒታል ማሳደጊያ አውሎታል። እጅ ያልገባ ትርፍ ወጪ አይሸፍንም፤ በገንዘብ ፍሰት ሰንጠረዥዎ ላይ ዜሮ ብለው ይጻፉት። ፈቃድ ሳይዙ ለክፍያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ማማከር እንደማይቻልም ይወቁ፤ ፈቃዱን የሚሰጠው የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ነው።

ጥያቄ፦ በዋሽንግተን አካባቢ ነው የምኖረው። በውጭ ያለን ደንበኞች ጉዳይ ለተማሪዎች ማስተማር ይገባል ወይ?

መልስ፦ ይገባል፤ ሁለት ነጥብ ግን ይበቃል። አንደኛ፣ የአሜሪካ ዜጋ ወይም ነዋሪ ከአሜሪካ ውጭ ባሉ ሂሳቦቹ ያለው ድምር በዓመቱ ውስጥ በማንኛውም ቀን ከ10,000 ዶላር ካለፈ ለአሜሪካ ግምጃ ቤት ማሳወቅ አለበት፤ ማሳወቂያው ከግብር ቅጹ የተለየ ነው። አዲስ አበባ ያለ የቁጠባ ሂሳብም ይቆጠራል። ሁለተኛ፣ በወንድም ወይም በእህት ስም የተገዛ ቤት። ካርታው በማን ስም እንደሆነ ሕጉ የሚገምተው እርሱን ባለቤት አድርጎ ነው። ወንድም ቢሞት የእርሱ ልጆችና ሚስት በቤቱ ላይ ይመጣሉ፤ ገንዘቡን የላከው ሰው የማስረዳት ሸክም ይወድቅበታል። የገንዘብ መላኪያ ደረሰኞችና በጊዜው የተጻፈ ውል ከሌሉ ነገሩ በጣም ይከብዳል። ተማሪዎች የዚህ ዓይነት ደንበኛን የሚጠይቁት የመጀመሪያ ጥያቄ «ካርታው በማን ስም ነው?» የሚለው ይሁን።

ጥያቄ፦ በግል ኮሌጅ አስተምራለሁ። አማካሪና ደንበኛ ሆነው እንዲለማመዱ ሳደርግ ክፍሉ በሳቅ ይሞላል፣ ቁም ነገሩ ይጠፋል። የራሳቸውን ቤተሰብ ገንዘብ ይዘው ቢመጡ ይሻል ይሆን?

መልስ፦ በፍጹም አይጠይቋቸው። ቤት ውስጥ ያለ ገንዘብ የቤተሰቡ ምስጢር ነው፤ ችግረኛ ቤተሰብ ያለው ልጅ ያፍራል፣ ባለጸጋው ደግሞ ሳያውቀው አባቱን ያጋልጣል። የተዘጋጀ ቤተሰብ ይስጧቸው፤ ሳቁም የሚመጣው ደንበኛ የሆነው ተማሪ የሚናገረው ስለሌለው ነው። ለደንበኛው አማካሪው የማያየው አንድ ገጽ ያዘጋጁ፦ ሳይጠየቅ የማይናገራቸው ሦስት ነገሮች ይኑሩበት። ለምሳሌ ለአጎቱ ብድር በዋስትና መፈረሙ፣ ከቀድሞ ትዳር ልጅ መኖሩ፣ ሚስቱ ስለ እቁቡ አለማወቋ። ንግግሩን በ20 ደቂቃ ይገድቡ፤ ሁለት ተማሪዎች ታዛቢ ሆነው አማካሪው የጠየቀውን ጥያቄ ሁሉ እየጻፉ ይቁጠሩ።

«ስንት ብር አለዎት?» ብሎ የሚጀምር ተማሪ ከደንበኛው ምንም አያገኝም። «ልጆቹ እንዴት ናቸው? ትምህርታቸውስ?» ብሎ የገባ ከትምህርት ክፍያው ወደ ወር ወጪው፣ ከወር ወጪው ወደ ገቢው በቀላሉ ይሻገራል። ሽማግሌ ደንበኛን በአንቱታ መናገር፣ ሚስት ባለችበት ሚስትን ሳይዘሉ መጠየቅ፣ ዝም ሲባል ዝምታውን መታገስም ይለመዳል። ከ100ው ነጥብ 40ውን ለተገኘው መረጃ ይስጡ፤ ሦስቱን ድብቅ ነገሮች ያወጣ ሙሉ ያግኝ። 40ው በዚያ መረጃ ለተሠራው የሀብትና የዕዳ ዝርዝር ይሁን። የቀረውን 20 ምክሩን ደንበኛው በሚገባው አማርኛ ላስረዳ ይስጡ፤ «ሊኩዊዲቲዎ ዝቅተኛ ነው» ያለ ተማሪ ነጥብ ይቀነስበት፣ «ነገ ቢቸግርዎት በእጅዎ የሚቆየው የሦስት ወር ነው» ያለው ግን ሙሉውን ያግኝ።