ተማሪዎች እርስ በርስ ቢመዛዘኑ ይሉኝታ አያሸንፋቸውም?

ጥያቄ፦ በሰሜን ሸዋ፣ ደብረ ብርሃን የዩኒቨርሲቲ መምህር ነኝ። በማስተምራቸው ሴክሽኖች ውስጥ ከስልሳ የማያንሱ ተማሪዎች ቢኖሩም እጃቸውን አውጥተው የሚናገሩት ዘወትር እነዚያው አራት አምስት ልጆች ናቸው። አንዱ የሌላውን አሳይመንት እንዲመዝን ባደርግ ተሳትፎው ይጨምራል ብዬ አስባለሁ፤ ባልደረቦቼ ግን «በይሉኝታ ሁሉም ለሁሉም ሙሉ ነጥብ ይሰጣል» ይሉኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ የባልደረቦችዎ ስጋት መሠረት አለው። በአንድ ዶርም የሚያድሩ ልጆች ፊት ለፊት «ሥራህ ደካማ ነው» እንዲባባሉ መጠበቅ ከባድ ነው፤ በአንድ ለአምስት አደረጃጀት አንዱ ሠርቶ ሌሎቹ እኩል ነጥብ ሲያገኙ ያየ ተማሪም ነገሩን በጥርጣሬ ቢያየው አይፈረድበትም። ሆኖም ይሉኝታው የሚበረታው ምዘናው በነጥብ ሲጀመር ነው። በእኛ እምነት መጀመር ያለበት በአስተያየት ነው፤ ተማሪውን ከዝምታው የሚያወጣው ለጓደኛው 8 ወይም 9 መስጠቱ ሳይሆን፣ ሥራውን አንብቦ አንድ የሚረባ ነገር የመናገር ኃላፊነት ሲጣልበት ነው። ተማሪ ተማሪን ማረሙ ለአገራችንም እንግዳ አይደለም፤ በቅኔ ቤት ቀደም ያለው የኋለኛውን ያደምጣል፣ ያርማል።

ስለዚህ ነጥብ የሚያዝ ከሆነ ተማሪው በሰጠው አስተያየት ጥራት ይያዝለት፤ ከመቶ 5 ያህል ይበቃል። «ጥሩ ነው፣ በርታ» የሚል ወረቀት ነጥብ አያስገኝም። «የገብስ ምርት የቀነሰው በውርጭ ነው ተብሏል፤ የቀረበው ሠንጠረዥ ግን የዝናብ መጠንን ብቻ ያሳያል» ብሎ የጻፈ ተማሪ ግን ሥራውን በእርግጥ አንብቧል፣ ማስረጃውንም ከድምዳሜው ጋር አገናዝቧል። በወረቀቶቹ ላይ በስም ፈንታ የምስጢር ቁጥር ከተጻፈ ደግሞ እንዲህ ያለውን አስተያየት ለመስጠት ድፍረት አያጥርም።

መስፈርቱን ብቻዎን አያውጡ። ካለፈው ዓመት ሥራዎች ስሙ የተሰረዘ አንድ አባዝተው ያድሉ፤ ተማሪዎቹ ከመዘኑት በኋላ የእርስዎን ምዘና ያሳዩአቸውና በልዩነቱ ላይ ይከራከሩ። ብዙ የማይናገሩ ልጆች አፋቸውን የሚፈቱት እዚህ ላይ ነው። ፋልቺኮቭ እና ጎልድፊንች የተባሉ ተመራማሪዎች 48 ጥናቶችን ፈትሸው በ2000 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሥራ፣ የተማሪዎች ነጥብ ከመምህራን ነጥብ ጋር ይበልጥ የሚቀራረበው ሥራውን በብዙ ንዑስ ነጥቦች ከፋፍለው ሲያርሙ ሳይሆን፣ በሚገባ የተረዱትን መስፈርት ይዘው አጠቃላይ ፍርድ ሲሰጡ መሆኑን አሳይተዋል። እንግዲያው ረጅም ቅጽ አያስፈልግዎትም፤ ሦስት ግልጽ መስፈርቶች በቂ ናቸው።

ዝምታው ሁሉ ግን ከይሉኝታ የመጣ አይመስለንም፤ ብዙዎቹ የሚፈሩት እንግሊዝኛውን ነው። በቡድን ሲሆኑ በሚቀላቸው ቋንቋ እንዲወያዩ፣ የሚያስረክቡትን ጽሑፍ ብቻ በእንግሊዝኛ እንዲያዘጋጁ ይፍቀዱላቸው።

የተሰጠው አስተያየት አግባብ አይደለም የሚል ተማሪም ሥራው በእርስዎ እንደገና እንዲታይለት መጠየቅ እንደሚችል ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ይንገሯቸው።